ጸረ ቫይረሱን ላሳድሰው ወይስ ልንቀለው?

ጥያቄው የመጣው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ካላቸው አንዲት እህት ነው። አራት ኮምፒውተሮች አሏቸው። ዓምና ለአራቱም የአንድ ዓመት ጸረ ቫይረስ በሻጭ በኩል ገዝተዋል። ዘንድሮ ነገሩ ተደራረበባቸው። ደንበኛ ወረፋ ይዞ ሳለ ኮምፒውተሮቹ ይንቀራፈፋሉ፤ ፕሮግራሙ «ካላሳደሱ አደጋ ላይ ነዎት» እያለ በየሰዓቱ ብቅ ይላል፤ ያስገዛቸው ሰው ስልክ አያነሳም፤ በዚህ ላይ አምራቹ ኩባንያ ሠራተኞቹን በብዛት ማሰናበቱን ሰሙ። «እየፈረሰ ላለ ኩባንያ ገንዘቤን ለምን እሰጣለሁ? ባጠፋውስ የደንበኛ ፍላሽ አይጨርሰኝም ወይ?» ይላሉ። በመጨረሻም ታናሽ ወንድማቸው የሳይበር ደህንነት ልማር ብሎ መነሳቱን ጠቅሰው፣ ሰው የሚባረርበትን ሙያ መማሩ አሳስቧቸዋል።

መልሴን ላስቀድም። አያሳድሱት። ምክንያቴ ግን የሠራተኞቹ መሰናበት አይደለም፤ ኩባንያው ነገ ሁለት ሺህ ሰው ቢቀጥርም ምክሬ ያው ነው።

ስለ ስንብቱ በሩቅ ሰምቼ አይደለም የምናገረው፤ እኔም ከተሰናባቾቹ አንዱ ነበርኩ። የአንድ የውጭ ጸረ ቫይረስ አከፋፋይ በነበረ የአዲስ አበባ ድርጅት ውስጥ ለስድስት ዓመት የደንበኞችን ስልክ ሳነሳ ኖሬያለሁ። አምራቹ በአህጉራችን የነበሩትን የድጋፍ ሠራተኞች ሲቀንስ፣ የእኛም አለቃ አራታችንን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሸኘን። በማግስቱ ፕሮግራሙ አልቆመም። አዲስ የቫይረስ መለያ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ቫይረሶችን የሚያውቅበት ዝርዝር፣ እንደ ወትሮው በየቀኑ ይወርድ ነበር፤ ያንን የሚያዘጋጁት ሰዎችና ማሽኖች የሚገኙት ባሕር ማዶ ነው። የጠፋው ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው። የእርስዎ ሻጭ ዝም ያለውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ራሱ የሚደውልለት ሰው አጥቶ ይሆናል።

አብሮን የሄደ ሌላ ነገርም ነበር። ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከገላን ደንበኞች እንግዳ ፋይል ሲመጣልን ወደ አምራቹ ላብራቶሪ የምንልከው እኛ ነበርን። ጸረ ቫይረስ ከነገሩት ውጭ ብዙ አያውቅም። ከአንድ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው በፍላሽ ብቻ የሚዞር፣ ኢንተርኔት ላይ እምብዛም የማይታይ የሰፈር ቫይረስ ናሙናውን የሚልክ ሰው ካላገኘ ሳይታወቅ ሊከርም ይችላል። የሠራተኛ ቅነሳ እርስዎ ዘንድ ጉዳት ካደረሰ በዚህ በኩል ነው፤ ጉዳቱም ቀስ ብሎ የሚመጣ እንጂ በአንድ ሌሊት የሚያጋልጥዎት አይደለም።

ስንብቱን የመፍረስ ምልክት አድርገው አይዩት። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እየጻፍኩ ከጸረ ቫይረስና ከኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያዎች ጥቂቶቹን ላስታውስ። ሲማንቴክ በነሐሴ 2011 ከሠራተኞቹ 7 በመቶውን እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ፣ ለትላልቅ ድርጅቶች የሚሸጠውን ክፍል ብሮድኮም ለተባለ ኩባንያ በ10.7 ቢሊዮን ዶላር መሸጡንም አብሮ ነው የተናገረው፤ ኖርተን የሚባለው የቤት ምርት ግን ቀጠለ። ሶፎስ በጥር 2015 ከአሥር ሠራተኞቹ አንዱን ሸኘ፤ ዛሬም አለ። ክራውድስትራይክ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን፣ ማለትም 5 በመቶውን እንደሚያሰናብት ሲገልጽ ገቢው እያደገ ነበር፤ ኃላፊው ጆርጅ ከርትዝ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ያነሱት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው። ኩባንያ ሲሸጥ፣ ሲገዛ ወይም ማሽን ሰውን ሲተካለት ሰው ይቀንሳል። ከእርስዎ አራት ኮምፒውተሮች ጋር ይህ የሚያገናኘው ነገር ጥቂት ነው።

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ጸረ ቫይረስ ሥራውን ለመሥራት ከርነል እስከሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ድረስ መግባት አለበት። ዘበኛ ቀጥረው የመኝታ ቤትዎን ቁልፍ ጭምር እንደሰጡት ይቁጠሩት። ዘበኛው የታመመ ቀን ቤቱን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ማካፊ የተባለው ጸረ ቫይረስ አንድ የተሳሳተ ዝመና (አፕዴት) የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን አስፈላጊ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ያዘው፤ በየአገሩ ኮምፒውተሮች እየጠፉ እየበሩ ቀሩ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓርብ ዕለት፣ ክራውድስትራይክ የላከው አንድ ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሰማያዊው የብልሽት ገጽ ላይ ገተራቸው። ፋይሉ የተለቀቀው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ከ9 ላይ ነበር፤ የተመለሰው 2 ከ27 ላይ። የዓለም አየር ማረፊያዎችን ያስለቀሰው የ78 ደቂቃ ስህተት ነው። ከርትዝ በ2002 የማካፊ የቴክኖሎጂ ኃላፊ እንደነበሩ ስጨምርልዎ ሐሜት እንዳይመስልብኝ፤ በአደባባይ የሚታወቅ ነገር ነው። እርግጥ ክራውድስትራይክ የድርጅት ምርት ስለሆነ የእርስዎ ሱቅ አይገዛውም። የተሠራበት መንገድ ግን እርስዎ ከገዙት ብዙም አይለይም።

ሁለተኛው ፍርሃቴ ዘበኛው በጎን ሌላ ሥራ ሲይዝ ነው። ብዙ ሰው በነጻ የሚጭነው አቫስት፣ ጃምፕሾት በተባለ እህት ድርጅቱ በኩል ተጠቃሚዎቹ የጎበኟቸውን ድረ ገጾች መረጃ ሲሸጥ መቆየቱ በጥር 2012 ተጋለጠ፤ በ2016 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። አሜሪካ ካስፐርስኪ የተባለውን ጸረ ቫይረስ ስታግድ ደግሞ ኩባንያው እዚያ የነበሩትን ሠራተኞቹን አሰናብቶ ወጣ፤ በመስከረም 2017 ብዙ ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪ ራሱን ነቅሎ አልትራ ኤቪ የተባለ ሌላ ፕሮግራም በቦታው ተክሎ አገኙት። ኩባንያ ሲቸገር ምን እንደሚመጣ ካሰቡ እንግዲህ እንዲህ ያለውን ያስቡ፤ በኮምፒውተርዎ እምብርት ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም ባለቤት ይለወጥበታል፤ እርስዎን የሚያማክርዎት ግን የለም።

አሁን ወደ ሱቅዎ ልግባ። አራቱ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ዲፌንደር የሚባል ጸረ ቫይረስ አብሮት ይመጣል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2005 ወዲህ፣ ሙሉ ጸረ ቫይረስ ሆኖ አብሮ ይጫናል። ገዝተው የጫኑት ሲገባ እሱ ፈቅዶ ወደ ኋላ ይላል፤ የገዙት ሲነቀል ራሱ ይነሳል። የቤት ጸረ ቫይረስ ሻጮችን ገበያ ከሁሉም በላይ የበላው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በየሰዓቱ ብቅ የሚለውን ማስፈራሪያም ከዚህ ለይቼ አላየውም። አደጋ ያለብዎ እርስዎ ሳይሆኑ ሽያጩ ነው።

ዊንዶውስ 10 ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። የዲፌንደር የቫይረስ መለያ ዝመና ግን ቢያንስ እስከ ጥቅምት 2021 እንደሚቀጥል ኩባንያው አስታውቋል። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። መለያው ቫይረሱን ያውቃል፤ የዊንዶውስ ዝመና ደግሞ ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል። በግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ሲቆልፍ ቀዳዳውን የሚደፍነው ዝመና ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተጠቁት ያላዘመኑት ናቸው። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ማሽን ካለዎት ያሸጋግሩት፤ የማይቀበለውን ደግሞ ከዚህ በታች የምነግርዎትን ሥራ ይስጡት።

መንቀርፈፉን በተመለከተ ጥፋቱን ሁሉ ጸረ ቫይረሱ ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ግማሹ የሃርድ ዲስኩ ነው። ፋይል በተከፈተ ቁጥር ፕሮግራሙ መሃል ገብቶ ይፈትሻል። የሚሽከረከር አሮጌ ዲስክና 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ይህ እንደ ጣፎ መንገድ በዝናብ ቀን ነው፤ ሁሉም ይቆማል። ዲፌንደርም ይፈትሻል፣ እሱም ጥቂት ያዘገያል። ለፈቃድ ማሳደሻ ያሰቡትን ገንዘብ በሁለቱ ማሽኖች ላይ ኤስኤስዲ የሚባለውን፣ የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ ለማስገባት ያውሉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ፣ ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ሲያልፍ የፈቃድ ዋጋው የት እንደደረሰ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ኤስኤስዲውም ተወዷል። ልዩነቱ ኤስኤስዲ በዓመቱ «አድሱኝ» አይልም። በዚሁ አጋጣሚ አንዱ ማሽን ላይ ሁለት ጸረ ቫይረስ ተጭኖ እንዳይሆን ይፈትሹ፤ ለጥገና ከሚመጡልኝ ከሚያንቀላፉት ማሽኖች ውስጥ ይህን የማገኝባቸው ብዙ ናቸው።

የፍላሹ ነገር ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። እርስዎ ሱቅ የሚገባው ፍላሽ ከዚያ በፊት ስንት ጽሕፈት ቤት ዞሮ እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የወረዳ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። እኛ ዘንድ ሾርትከት ቫይረስ የምንለው የሚሠራው እንዲህ ነው። የደንበኛውን ፎልደሮች ይደብቃቸዋል፤ በየስማቸው የፎልደር መልክ ያለው አቋራጭ ያስቀምጣል። ደንበኛው አቋራጩን ሲጫን መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፤ ቀጥሎ እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል። ሰውየው ፋይሉን ስላገኘ ምንም አይጠረጥርም። ከዚያ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ድሮ ፍላሽ እንደተሰካ ቫይረሱ በራሱ ይነሳ ነበር። ማይክሮሶፍት በየካቲት 2003 ለቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ባወጣው ዝመና ያ በር ከተዘጋ በኋላ ነው የሰውን ጣት መለመን የጀመረው።

እንግዲህ «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ የሚጮህ ደንበኛ ሲመጣ፣ እባክዎ ፍላሹን ፎርማት አያድርጉበት። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቋል። በፎልደሩ መስኮት ላይ «ቪው» ከሚለው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ በፎልደር ምርጫዎች ውስጥ ደግሞ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ያንሱ፤ ፈዘዝ ብሎ የሚታየው ፎልደር የደንበኛው ንብረት ነው። እሱን ብቻ ቀድተው ካወጡ በኋላ ፍላሹን ያጽዱ። ለዚህች ሥራ ከአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ባለቤት ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚቀበሉ ጠጋኞች አሉ። እኔም ድሮ ተቀብያለሁ፤ አልክድም።

ፍላሽን የሚያስቆመው ግን ጽዳት አይደለም፤ የሱቁ አሠራር ነው። ከአራቱ ማሽኖች ያረጀችውን፣ ዊንዶውስ 11 የማትቀበለውን፣ መግቢያው ላይ ያስቀምጧትና የደንበኛ ፍላሽ እሷ ላይ ብቻ ይሰካ። በእሷ ላይ የባንክ ገጽ አይከፈት፣ ኢሜይልዎ አይኑርባት፣ የሱቁ ሰነድ አይቀመጥባት። ከእሷ ወደ ሌሎቹ የሚያልፈው የሚታተመው ሰነድ ብቻ ይሁን። ልጅ እግር ደንበኞችዎን «በቴሌግራም ላኩልኝ» ቢሏቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሾርትከት ቫይረስ በቴሌግራም ራሱን አይልክም። በቴሌግራም የሚመጣ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰነድ ነው ተብሎ የመጣ ነገር ልጫን ካለ አይክፈቱት።

መግቢያዋ ማሽን ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም መጫን ይቻላል። የዊንዶውስ ሾርትከት ቫይረስ እዚያ ሞቶ ነው የሚያድረው። በራሴ ሱቅ ለሰባት ወር ሞከርኩትና መለስኩት። ምክንያቱ ቫይረስ አልነበረም፤ ፊደል ነበር። ኒያላ በተባለው የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት ፊደሉ በሌላ ይተካና መስመሩ ይገፋል፤ ሦስት ገጽ የነበረ የፍርድ ቤት ማመልከቻ አራት ገጽ ሆኖ ሲወጣ ባለጉዳዩ እኔን ነው የሚወቅሰው። ትዕግሥት ካለዎት ይሞክሩት፤ እኔ አልነበረኝም።

ከፍላሽም የሚብሰውን ልንገርዎት፤ ይህኛው በገዛ እጃችን የምናስገባው ነው። «ጸረ ቫይረሱን አጥፍተህ ጫነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመርካቶ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያልሰማ ጠጋኝ የለም። ዊንዶውሱን ወይም ኦፊሱን ያለ ክፍያ የሚከፍተው ክራክ ሲጫን ጸረ ቫይረሱ ይጮሃል፤ እኛ ዝም እናሰኘዋለን፤ ብዙ ጊዜም ያ ፎልደር ለዘለዓለም እንዳይፈተሽ እናደርጋለን። ክራኩ ውስጥ ሌላ ነገር ተደብቆ ከመጣ፣ ወር ሙሉ ከፍለን ያቆምነው ዘበኛ ዓይኑን ታስሮ ቆሞ ያሳልፈዋል። ከዚያ «ጸረ ቫይረሱ የማይረባ ነው» እንላለን። በምርቶቹ ላይ ያለኝ ቅሬታ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ አልፈርድባቸውም። የእርስዎ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብተው ከፍተሻ ውጭ የተደረጉ ፎልደሮችን ዝርዝር ይመልከቱ፤ እርስዎ የማያውቁት ካለ ያውጡት። የውል ጉዳይ ሌላ ሆኖ፣ ፈቃድ ያልገባለት ዊንዶውስ ማያ ገጹ ጥግ ላይ ይነዘንዛል እንጂ የደህንነት ዝመና አይከለከልም፤ ለዊንዶውስ ክራክ ለመጫን ያን ያህል የሚያስቸኩል ምክንያት የለም።

አነቃቀሉን ባጭሩ። የገዙትን ጸረ ቫይረስ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ይንቀሉት፤ አልነቀል ካለ ሰሪው ራሱ የሚያቀርበው ማስወገጃ አለው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። ዲፌንደር መነሳቱን ካዩ በኋላ ከዊንዶውስ ውጭ የሚካሄደውን ፍተሻ («ኦፍላይን ስካን» የሚለውን) ያስኬዱ፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በነባሪ ተዘግቶ የሚመጣውን፣ ፎልደሮችን ከማይታወቅ ፕሮግራም የሚጠብቀውን «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል አማራጭ ያብሩ። አንዳንድ የቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሰነድ ማስቀመጥ ሊከለከል ይችላል፤ ያኔ ያንን ፕሮግራም ብቻ ይፍቀዱለት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቀን ይገባል። ከሲማንቴክ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ብራያን ዳይ በ2006 ጸረ ቫይረስ ከጥቃቶቹ የሚይዘው 45 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን ለጋዜጣ ሲናገሩ ብዙዎች ተገረሙ፤ ስልክ አንሺዎቹ አልተገረምንም። ስለዚህ ሁለት ውጫዊ ዲስክ ይያዙ። የሱቁን ሰነዶች ሰኞ በአንዱ፣ ሐሙስ በሌላው ይቅዱና ነቅለው ያስቀምጡ፤ አንዱ ቤት ይደር። ተሰክቶ የሚያድር ዲስክ ፋይል ቆላፊው ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። በእኛ ዳር ከተማ ደግሞ ሃርድ ዲስክ ሲገድል ያየሁት ከቫይረስ ይልቅ መብራት ነው፤ ፋይል እየተጻፈ ሳለ ጥፍት ይልና ዲስኩ ተበላሽቶ ይነሳል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስ ከሌለዎት ከጸረ ቫይረስ ፈቃድ በፊት እሱን ይግዙ።

ወንድምዎ ይማር። ከሥራ የተሰናበትን ቀን አራታችንም በእጃችን የነበረው የዚያው የአንድ ምርት የምስክር ወረቀት ነበር፤ ምርቱ ሲሄድ ወረቀቱም ሄደ። ሥራ ቶሎ ያገኘችው ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለ ኔትወርክና ስለ ሊኑክስ ስታነብ የነበረችው ባልደረባችን ናት፤ ዛሬ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። እኔ ሱቅ ከፈትኩ። የአንድ ኩባንያ ምርት አጠቃቀም ከመሸምደዱ በፊት ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ይወቅ።

የመጀመሪያ ልምምዱንም እርስዎ ይስጡት። እሁድ ሱቁን ሲዘጉ ከውጫዊ ዲስኩ ላይ ያለፈውን ወር አንድ ሰነድ መርጦ ሌላ ማሽን ላይ መልሶ ይክፈተው። ካልተከፈተ የሰኞውን ቅጂ የሚሠራው ሰው እሱ ይሁን።